በአንድ ጣት ስህተት ደሴ የገባ ስድስት ደርዘን ፔርሙዝ

የስልክ መተግበሪያ የሚያሠሩ ነጋዴዎች ሒሳቡን ከመክፈላቸው በፊት ሊጠይቁት የሚገባ ነገር አለ

በመርካቶ የቤት ዕቃ በጅምላ የሚያከፋፍሉ አንድ ነጋዴ ደሴ ለሚገኙ የቆዩ ደንበኛቸው ስድስት ደርዘን ፔርሙዝ በጭነት መኪና ይልካሉ። ዕቃው ደሴ እንደ ደረሰ ስልክ ይደወላል። ደንበኛው ያዘዙት ስድስት ደርዘን ሳህን እንጂ ፔርሙዝ እንዳልሆነ፣ እንዲያውም ቀደም ብሎ የወሰዱት ፔርሙዝ ገና ከመደርደሪያ ላይ እንዳልወረደ በቁጣ ይናገራሉ። አከፋፋዩ በበኩላቸው ትዕዛዙ የመጣው ከደንበኛው ስልክ መሆኑን፣ ቀኑና ሰዓቱ ሳይቀር ተመዝግቦ እንደሚገኝ ያስረዳሉ። አንዱ ሌላውን ዋሾ ለማለት ምንም ያህል አልቀራቸውም ነበር።

ነገሩ ሲጣራ ግን ሁለቱም እውነታቸውን ነው። የደሴው ነጋዴ በጣታቸው የነኩት የሳህኑን ሥዕል ነው። መርካቶ የደረሰው ትዕዛዝ ደግሞ የፔርሙዝ ነው። በመካከላቸው የነበረው ደላላ ሰው ሳይሆን በስልክ ላይ የተጫነ ፕሮግራም፣ በተለምዶ «አፕ» ወይም መተግበሪያ የሚባለው በመሆኑ ጥፋቱም የተገኘው ከዚያው ነው።

እኚህ አከፋፋይ ስማቸው እንዲገለጽ አይፈልጉም። ምክንያታቸውም ግልጽ ነው። ንግዳቸው የቆመው በዱቤ፣ ዱቤው ደግሞ የቆመው በመተማመን ነው። የተሳሳተ ትዕዛዝ በመዝገብ ላይ ሲሰፍር ተራ ስህተት መሆኑ ይቀርና ዕዳ ይሆናል። «አላዘዝኩም፣ አዘሃል» የሚለው ክርክር ሁለት ሦስት ጊዜ ከተደጋገመ ደንበኛው ወደ ሌላ ሱቅ ይሄዳል፤ ሲሄድም የቆየበትን ዱቤ ሳይከፍል የሚሄድ አይጠፋም። በመሆኑም ሰውየው መተግበሪያውን ጥለው ወደ ቀድሞው የስልክ ጥሪና የትዕዛዝ ደብተር ለመመለስ ቆርጠው ነበር። ሥራውን የሠራላቸው ወጣት ግን «ጋሼ፣ አንድ ሳምንት ብቻ ይስጡኝ» ብሎ ለመነ። እርሳቸውም ሳምንቱን ሰጡት።

ወጣቱ በዚያ ሳምንት ውስጥ ያገኘው ነገር ለእኚህ ሰው ብቻ ሳይሆን ሱቁን ወደ ስልክ ለማስገባት ለሚያስብ ነጋዴ ሁሉ የሚጠቅም ሆኖ ስላገኘነው እነሆ ለአንባቢያን አቅርበነዋል።

እንደ ገበጣ ሰሌዳ

በአሁኑ ወቅት ዕቃ የሚሸጥባቸው መተግበሪያዎች መልካቸው እጅግ ተመሳሳይ ነው። ስክሪኑ እንደ ገበጣ ሰሌዳ በመደዳና በዓምድ ይከፋፈልና በእያንዳንዱ ቤት ውስጥ አንድ ዕቃ ከነሥዕሉና ከነስሙ ይቀመጣል። በብዙዎቹ ስልኮች ላይ ጎን ለጎን የሚቀመጡት ሁለት ወይም ሦስት ናቸው። የቀረውን ለማየት ጣትን ስክሪኑ ላይ አሳርፎ ወደ ላይ ማንሸራተት ነው።

ይህ አቀማመጥ ለሻጭ ጥቅም አለው። በአንዲት የመዳፍ ስፋት ባላት ስክሪን ላይ ብዙ ዕቃ ያሳያል። ገዢውም በመደርደሪያ ፊት እንደ ቆመ ሆኖ ዓይኑን ያንከራትታል። ጣጣው የሚመጣው ገዢው እጁን ሲሰነዝር ነው። በሱቅ ውስጥ እጅ ወደ ዕቃ ሲዘረጋ ሻጩ «ይኼን ነው? ወይስ ያንን?» ብሎ ይጠይቃል። በስልክ ላይ ይህን የሚጠይቅ ሻጭ የለም። ጣቱ ምን ለማለት እንደ ፈለገ ፕሮግራሙ በራሱ መገመት አለበት።

ግምቱም ቀላል አይደለም። አንድ ጣት በአንድ ቤት ላይ ሲያርፍ ቢያንስ አራት ነገር ሊሆን ይችላል። ዕቃውን ለመምረጥ ነካ አድርጎ ማንሳት ሊሆን ይችላል። ተጭኖ በመቆየት ተጨማሪ ምርጫ ለማየት ሊሆን ይችላል። ወደ ጎን ጠርጎ ዕቃውን ከዝርዝር ለማውጣት ሊሆን ይችላል። ወይም ደግሞ ዕቃውን ጭራሽ ሳይፈልገው ገጹን ወደ ላይ ለማንሸራተት ብቻ ሊሆን ይችላል። አራቱም የሚጀምሩት በአንድ ዓይነት መንገድ፣ ማለትም ጣት መስታወቱን ሲነካ ነው።

ወላጅና ልጅ

ለመሆኑ ጣት ስክሪን ላይ ሲያርፍ ምን ይሆናል? በጎግል አንድሮይድ የሚሠሩ ስልኮችን እንውሰድ። ጣቱ ባረፈበት ቅጽበት «ወረደ» የሚል መልእክት ይወጣል። ጣቱ ከቦታው ፈቀቅ ባለ ቁጥር «ተንቀሳቀሰ» የሚል ይከተላል። በመጨረሻም ሲነሳ «ተነሳ» ይባላል። ከእነዚህ ሌላ አንድ አራተኛ መልእክት አለ፤ እርሱም «ተሰርዟል» የሚለው ነው። የብዙ መተግበሪያዎች ኪሳራ የሚጀምረው ይህን አራተኛውን ካለማክበር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዕቃው የተቀመጠበት ቤት በፕሮግራመሮች ቋንቋ «ልጅ» ሲባል ቤቶቹን ሁሉ የያዘው ሰሌዳ «ወላጅ» ይባላል። ልጁ መነካትን ይፈልጋል። ወላጁ ደግሞ መንሸራተትን ይፈልጋል። መልእክቱ መጀመሪያ በወላጁ በኩል አልፎ ወደ ልጁ ይወርዳል። ወላጁም ዝም ብሎ እየተመለከተ ይቆይና ጣቱ ከተወሰነ ርቀት በላይ ሲንቀሳቀስ «ይህ መንሸራተት ነው» ብሎ ነገሩን ከልጁ እጅ ይነጥቃል። በዚህን ጊዜ ለልጁ «ተሰርዟል» የሚል መልእክት ይደርሰዋል። ጨዋ ልጅ ይህን ሲሰማ የጀመረውን ሁሉ ይተዋል።

ወላጁ የሚጠብቀው ርቀት በአንድሮይድ በተለምዶ 8 ዲፒ ነው። አንድ ዲፒ ማለት የኢንች 160ኛ እጅ በመሆኑ 8 ዲፒ ከአንድ ሚሊ ሜትር ጥቂት ይበልጣል። ጣት መቼም ጨርሶ ሳይንቀጠቀጥ አያርፍምና ይህቺን ታህል ንቅናቄ ይቅር ይላል። ከዚያ ካለፈ ግን መንሸራተት ነው። ተጭኖ መቆየት የሚባለውም የራሱ ልክ አለው። በአፕል ስልኮች ላይ የተለመደው ግማሽ ሰከንድ ሲሆን በአንድሮይድም ከዚያ ብዙ አይርቅም። እንግዲህ በአንድ ሚሊ ሜትርና በግማሽ ሰከንድ መካከል ነው ገዢው ምን እንደ ፈለገ የሚወሰነው።

ሁለቱ ጥፋቶች

ወደ መርካቶው ነጋዴ ጉዳይ እንመለስ። ወጣቱ ፕሮግራመር ያገኘው የመጀመሪያ ጥፋት የመደመር ምልክቱ ላይ ነበር። በእያንዳንዱ ዕቃ ሥር የተቀመጠች አንዲት ትንሽ የመደመር ምልክት አለች። እርሷ ስትነካ አንድ ደርዘን በትዕዛዙ ላይ ይጨመራል። ይህች ምልክት ሥራዋን የምትሠራው «ተነሳ» የሚለው እስኪመጣ ጠብቃ ሳይሆን «ወረደ» በተባለበት ቅጽበት ነበር። ወጣቱ እንዲህ ያደረገው መተግበሪያው ፈጣን መስሎ እንዲታይ ብሎ ነው። ውጤቱ ግን ደንበኛው ገጹን ሊያንሸራትት ጣቱን በአጋጣሚ ምልክቷ ላይ ባሳረፈ ቁጥር ያልተፈለገ ደርዘን ይመዘገባል። ከዚያ በኋላ ወላጁ «ተሰርዟል» ቢልም ደርዘኑ ገብቷል። ነጋዴው ቀደም ሲል አንዳንድ ደንበኞች «አንድ ደርዘን በዝቶ መጣብኝ» ሲሏቸው የመጋዘን ሠራተኞቻቸውን ይቆጡ እንደ ነበር ዛሬ በሐፍረት ያወሳሉ።

ሁለተኛው ጥፋት ግን የፔርሙዙ ነው። ይህኛው ረቀቅ ይላል።

አንድ አከፋፋይ የሚሸጠው ዕቃ ብዙ መቶ ሊደርስ ይችላል። ስልኩ ለእያንዳንዱ ዕቃ የራሱን ቤት ቢሠራ ማስታወሻው ይጨናነቃል። ስለዚህ በስክሪን ላይ ለሚታዩት ያህል ጥቂት ቤቶች ብቻ ይሠራና ገጹ ሲንሸራተት ከላይ የወጣውን ቤት አጥቦ ከታች ለሚመጣው ዕቃ ይጠቀምበታል። ደርዘን ብርጭቆ ያላት ሻይ ቤት መቶ ደንበኛ የምታስተናግደው ብርጭቆውን እያጠበች እንደ ሆነ ሁሉ ማለት ነው። ጎግል እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣውና «ሪሳይክለር ቪው» የሚባለው መሣሪያ ስሙም ሥራውም ይኸው ነው። አፕል ተመሳሳዩን «ኮሌክሽን ቪው» በሚል ስም በ2012 አውጥቷል።

ወጣቱ ለእያንዳንዱ ቤት የዕቃውን ተራ ቁጥር አስይዞት ነበር። ሳህኑ በዝርዝሩ 7ኛ፣ ፔርሙዙ 8ኛ ነበሩ እንበል። የደሴው ነጋዴ ገጹን ከፍተው ሲመለከቱ በዚያው ደቂቃ መርካቶ ላይ ከዝርዝሩ 3ኛ የነበረው ዕቃ ያልቅና ይሰረዛል። ከእርሱ በታች ያሉት ሁሉ አንድ አንድ ደረጃ ከፍ ይላሉ። ሳህኑ 6ኛ፣ ፔርሙዙ 7ኛ ሆኑ ማለት ነው። የሳህኑ ቤት ግን የሚያስታውሰው ቀድሞ የተነገረውን 7 ቁጥር ነው። ደንበኛው የሳህኑን ሥዕል ነክተው ስድስት ደርዘን ሲሉ፣ ፕሮግራሙ «7ኛውን ስድስት ደርዘን» ብሎ ላከ። 7ኛው ደግሞ አሁን ፔርሙዝ ነው።

መድኃኒቱ ከጥፋቱ አጭር ነው። ቤቱ ቁጥሩን አስቀድሞ ሸምድዶ ከመያዝ ይልቅ በተነካበት ቅጽበት «አሁን ያለሁበት ቦታ የትኛው ነው?» ብሎ እንዲጠይቅ ማድረግ ነው። ከዚያም የተሻለው ከተራ ቁጥር ይልቅ የዕቃውን የራሱን መለያ መላክ ነው። ሰውን በወረፋ ቁጥሩ ሳይሆን በስሙ እንደ መጥራት ያለ ነው። ወረፋው ቢቀያየር ስም አይቀያየርም።

የጣት ስፋት

ፕሮግራመሩ ሁለቱን ጥፋቶች ካረመ በኋላ ሦስተኛ ነገር ቀረው። እርሱም የመደመር ምልክቷ ማነስ ነው። እርሱ ሥራውን የሠራው በትልቅ የኮምፒዩተር ስክሪን ፊት ተቀምጦ በማውስ ቀስት ነው። ደንበኞቹ ደግሞ አንድ እጃቸው ካርቶን ይዞ በሌላው እጅ አውራ ጣት የሚያዙ ናቸው።

የዒላማ ስፋት ጉዳይ አዲስ አይደለም። ፖል ፊትስ የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1954 ባሳተመው ጥናት እጅ ወደ አንድ ዒላማ ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ በዒላማው ርቀትና ስፋት እንደሚወሰን አሳይቷል። የራቀና የጠበበ ዒላማ ጊዜ ይፈጃል፤ ችኩል ሰው ደግሞ ይስተዋል። በ2006 ደግሞ ስልክን በአንድ እጅ ይዘው በአውራ ጣት ለሚሠሩ ሰዎች የሚመች ስፋት ምን ያህል እንደ ሆነ ፓርሂ፣ ካርልሰንና ቤደርሰን የተባሉ ተመራማሪዎች ሞክረው፣ ለአንድ ጊዜ ንክኪ 9.2 ሚሊ ሜትር ያህል በቂ ነው ብለዋል።

ኩባንያዎቹም የየራሳቸውን ልክ አውጥተዋል። አፕል ለፕሮግራም ሠሪዎች በሚሰጠው መመሪያ የሚነካ ነገር ሁሉ ከ44 ነጥብ በ44 ነጥብ እንዳያንስ ይመክራል። የጎግል ምክር 48 ዲፒ በ48 ዲፒ ነው። ለኢንተርኔት ገጾች ተደራሽነት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 የወጣው ዓለም አቀፍ መለኪያ ደግሞ ዝቅተኛውን ጣሪያ 24 ፒክስል ላይ አድርጎ አንዳንድ ሁኔታዎችን ለይቶ ይፈቅዳል። የመርካቶው መተግበሪያ የመደመር ምልክት 20 ዲፒ ነበረች።

እዚህ ላይ አንድ የገበያ ጥያቄ ይነሳል። ምልክቱ ሲሰፋ በአንድ ገጽ የሚታየው ዕቃ ይቀንሳል። ነጋዴ ደግሞ መደርደሪያው ሞልቶ እንዲታይ ይወዳል። አከፋፋዩም መጀመሪያ ሦስት ዓምድ እንዲሆን ያዘዙት እርሳቸው ራሳቸው እንደ ነበሩ አልካዱም። አሁን ወደ ሁለት ዓምድ ወርዷል። የሚታየው ዕቃ አንሷል፤ የተሳሳተው ትዕዛዝም እንዲሁ።

ጣት በፍርድ ቤት

የጣት ነገር ለቸርቻሪና ለአከፋፋይ ብቻ ሳይሆን ለታላላቆቹም ገንዘብ ነው። አፕል እ.ኤ.አ. በ2005 ፊንገርወርክስ የተባለውንና በ1998 የተመሠረተውን አነስተኛ የአሜሪካ ኩባንያ ገዛ። የኩባንያው ሥራ በብዙ ጣት የሚታዘዙ ሰሌዳዎችን መሥራት ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በጥር 2007 አይፎን ለዓለም ታየ።

በሚያዝያ 2011 አፕል ሳምሰንግን በካሊፎርኒያ ፍርድ ቤት ከሰሰ። ከክሱ ነጥቦች መካከል ሦስቱ የጣት ምልክቶች ነበሩ። አንደኛው ዝርዝር መጨረሻው ላይ ሲደርስ እንደ ላስቲክ ተለጥጦ መመለሱ፣ ሁለተኛው ስልኩ በአንድ ጣት ማንሸራተትን በሁለት ጣት ከሚሰጥ ትዕዛዝ የሚለይበት መንገድ፣ ሦስተኛው ሁለቴ ነክቶ ማጉላት ነው። ከእነዚህ ሌላ በመደዳና በዓምድ የተደረደሩት ባለ ቀለም ምልክቶች መልክ ራሱ በዲዛይን ባለቤትነት የተመዘገበ ነበር። እንግዲህ ሰሌዳውም፣ በሰሌዳው ላይ የሚሄደው ጣትም አብረው ተከሰሱ ማለት ነው።

የዳኞች ጉባዔ በነሐሴ 2012 ሳምሰንግ 1.05 ቢሊዮን ዶላር ያህል እንዲከፍል ወሰነ። ክርክሩ እየተጓተተ በ2016 እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ተመልሶም በግንቦት 2018 አዲስ ጉባዔ 539 ሚሊዮን ዶላር ያህል ፈረደ። ኢኮኖሚ ለሚከታተል ሰው የሚያስገርመው የክፍፍሉ ነገር ነው። ከዚህ ውስጥ 533 ሚሊዮን ያህሉ ለመልክና ለዲዛይን ሲሆን ለጣት ምልክቶቹ አሠራር የተሰጠው ከ5 ሚሊዮን ዶላር ጥቂት ያለፈ ነው። በሰኔ 2018 ሁለቱ ኩባንያዎች ተስማምተው ጉዳዩን ዘግተዋል።

መልክ ከአሠራር መቶ እጥፍ የተከፈለበት ይህ ፍርድ ስለ አሜሪካ ሕግ የሚናገረው ብዙ ነው። በመርካቶ ግን ሒሳቡ የተገላቢጦሽ ሆኖ እናገኘዋለን። ነጋዴው ለመተግበሪያው መልክ ከፍሎ ደስ ብሎት ይወጣል፤ ዕቃውን በከንቱ የሚያስጉዘው ግን አሠራሩ ነው።

ሒሳቡ

ሮናልድ ኮዝ የተባለው የኢኮኖሚ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1937 ባሳተመው ጽሑፍ በገበያ ለመጠቀም ራሱ ዋጋ አለው ብሎ ነበር። ዕቃ ፈልጎ ለማግኘት፣ ለመዋዋልና ውሉን ለማስፈጸም የሚወጣ ወጪ ማለቱ ነው። በ1991 ለኖቤል ሽልማት ካበቁት ሥራዎቹ አንዱ ይኸው ነው። መተግበሪያ የሚያሠራ ነጋዴ ይህን ወጪ እቀንሳለሁ ብሎ ነው። ጣቱ በትክክል ካልተነበበ ግን ወጪው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

ለምሳሌ ያህል አንድ አከፋፋይ መቶ ትዕዛዝ ተቀብሎ ከእያንዳንዱ 500 ብር ያተርፋል እንበል። በድምሩ 50 ሺህ ብር ነው። ከመቶው ሦስቱ ቢሳሳቱና እያንዳንዱን ለመመለስ የመኪና ጭነት፣ የወዛደርና የስልክ ወጪው 2 ሺህ ብር ቢደርስ 6 ሺህ ብር ከኪስ ወጣ ማለት ነው። ይህም ከትርፉ 12 በመቶ ነው። ከመቶ ሦስት ስህተት በወረቀት ላይ ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። አዲስ አበባና ደሴ መካከል ግን 400 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አለ፤ የጠፋው አመኔታ ደግሞ በዚህ ሒሳብ ውስጥ አልገባም።

የገንዘብ መተግበሪያዎች ይህን ቀድመው የገባቸው ይመስላል። ኢትዮ ቴሌኮም እ.ኤ.አ. በግንቦት 2021 ቴሌብርን ሥራ ካስጀመረ ወዲህ ብር በጣት መላክ በየሱቁ ተለምዷል። ነገር ግን ማንም ምልክት ስለነካ ብቻ ብሩ አይሄድም፤ የምሥጢር ቁጥሩን ማስገባት አለበት። የመርካቶው መተግበሪያ ይህን የመሰለ አንድም ደጅ አልነበረውም። የዕቃው ዋጋ በየቀኑ ስለሚለዋወጥና በኋላ በስልክ ስለሚነጋገሩበት በገጹ ላይ ዋጋ እንኳ አልተጻፈም። ዋጋው ቢኖር ኖሮ የደሴው ነጋዴ ድምሩን አይተው ፔርሙዝ መሆኑን ባወቁ ነበር።

ምን ይደረግ?

ወጣቱ በተሰጠው ሳምንት መጨረሻ ያቀረበው ማስተካከያ አራት ነው። ምልክቷ ሥራዋን የምትሠራው ጣት ሲነሳ ብቻ ሆነ፤ ጣቱ ከተንሸራተተ ትተወዋለች። ትዕዛዙ በዕቃው መለያ እንጂ በተራ ቁጥር አይሄድም። ምልክቷ ሰፍታ 48 ዲፒ ደረሰች። በመጨረሻም ትዕዛዙ ከመላኩ በፊት የዕቃው ሥዕል፣ ስምና ብዛት በአንድ ገጽ ተዘርዝሮ ይታያል። አንድ ዕቃ በስህተት ቢገባ «መልስ» የሚል ጽሑፍ ለጥቂት ሰከንድ ከታች ብቅ ይላል። «እርግጠኛ ነህን?» እያሉ በየንክኪው መጠየቅ ሰውን ያሰለቻል፤ የተሰለቸ ሰው ደግሞ ሳያነብ «አዎ» ይላል። ስለዚህ ብዙ ከመጠየቅ ይልቅ ስህተትን በቀላሉ መመለስ እንዲቻል ማድረግ ይሻላል።

መተግበሪያ ለማሠራት ለሚያስብ ነጋዴ የምንመክረው አጭር ነው። የመጨረሻውን ክፍያ ከመፈጸም በፊት ርካሽ ስልክ ያለውን አንድ ደንበኛ ሱቅ ድረስ መጋበዝ፣ ወንበር ሰጥቶ በአንድ እጁ እንዲያዝ ማድረግና ሠሪውን ከጎኑ ማስቀመጥ ነው። ደንበኛው ገጹን አሥር ጊዜ እያንሸራተተ ምንም ሳያዝ ይጨርስ። በዝርዝሩ ላይ አንዲት ዕቃ እንኳ ከተገኘች ሥራው አላለቀም። ከዚያም ዝርዝሩ ፊቱ ተከፍቶ እያለ ከመጋዘን በኩል አንድ ዕቃ ይሰረዝና ከሥሩ ያለውን ይዘዝ። የነካው ከመጣ ጥሩ ነው።

የፔርሙዙ ጉዳይ በስምምነት አልቋል። የደሴው ነጋዴ ሁለት ደርዘኑን ለማስቀረት ፈቀዱ፤ አራቱ ደርዘን ወደ መርካቶ ተመለሰ። የመመለሻውን ጭነት አከፋፋዩ ከፈሉ፤ ሳህኑንም በዚያው ሳምንት በራሳቸው ወጪ ላኩ። መተግበሪያው እስካሁን ይሠራል። እኛ በሱቃቸው በተገኘንበት ቀን ግን የቀድሞው የትዕዛዝ ደብተር ከነእስክሪብቶው ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ነበር። በስልክ የሚመጣውን ትዕዛዝ ሁሉ መኪና ከመጫናቸው በፊት ለደንበኛው ደውለው እያረጋገጡ እዚያው ላይ ይጽፉታል። ይህንን እስከ መቼ እንደሚቀጥሉ ብንጠይቃቸው፣ አንድ ወር ሙሉ ደብተሩና ስልኩ ሳይጣሉ ከቆዩ ያን ጊዜ ደብተሩን እንደሚያነሡት ነግረውናል።